ሙሻ ደሴት፦ ዳይቪንግና አሳ ማጥመድ፣ ከድሬ የሄዳችሁ ኑ እስቲ

ከዚራ_ጥላ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ታኅሣሥ ላይ ከሰፈር ልጆች ጋር ጅቡቲ ልንወርድ ነው። እስከ ዛሬ ጅቡቲ የምንሄደው ወይ ለዕቃ ወይ ለዘመድ ሠርግ ነበር፤ አሁን ግን ለመዝናናት ብቻ ነው። ሙሻ ደሴት እናድራለን፣ አሳ እናጠምዳለን፣ ዌል ሻርክ የሚሉትን ግዙፍ አሳ እናያለን፣ ከተቻለ ደግሞ የአየር ታንክ አዝለን እንጠልቃለን።

ፕላኑ ይሄ ነው። ሐሙስ መውረድ። አርብ አሳ ማጥመድ። ቅዳሜ ዌል ሻርክ። እሑድ ጠዋት ሁለት ዳይቭ፣ ከዚያ ምሳ በልቶ በመኪና ወደ ድሬ። ከመካከላችን ሐረር የሚሠሩ አሉ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መገኘት ስላለባቸው እሑድ ማታውኑ ደንገጎን፣ የሐረርን ዳገት፣ ይወጣሉ።

ምን እንያዝ፣ ምን እንተው፣ ጀልባው እንዴት ነው፣ ያላችሁን ዘርግፉት። መዋኘት የሚችለው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሆቴል ገንዳ ውስጥ የተማረ ነው። አትሳቁብን።

ሳቢያን_ቅያስ

ሳቅን እኮ አቦ። የድሬ ልጅ ዋና የት ይማር? ወንዛችን ደቻቱ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው።

ለማንኛውም መጀመሪያ ቦታውን አስተካክሉ። ሙሻና ዌል ሻርኩ አንድ ቦታ አይደሉም። ሙሻና ጎረቤቱ ማስካሊ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ነው ያሉት፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ። ዌል ሻርክ የሚታየው ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ምዕራብ፣ አርታ ፕላዥ የሚሉት የባሕር ዳርቻ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ጉዞ ነው፤ ባለጀልባው «ሁሉንም በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ» ካላችሁ ግማሹን ቀን ሞተር ስትሰሙ ነው የምትውሉት።

ወቅቱን ግን አልሳታችሁም። ከኅዳር እስከ ጥር ነው ጊዜው። ሐምሌ የሚሄዱ አሉ፤ ሐምሌ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ንፋሱም እሳት ነው። የድሬን ሙቀት ለምጃለሁ የሚል ሰው ሄዶ ይሞክረው።

ከዚራ_ጥላ

አርታ ፕላዥ የሚለውን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሙሻ ላይ ሆነን የምናየው መስሎን ነበር። ደሴቱ ራሱ ምን ይመስላል? ፎቶው ላይ ያለው እውነት ነው?

ሳቢያን_ቅያስ

እውነት ነው፣ ግን ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር አለ። ደሴቱ ዝርግ ነው። ኮረብታ የለውም፣ ጥላው ትንሽ ነው። ነጭ አሸዋ፣ የሞተ ኮራል፣ በአንዳንድ በኩል ማንግሮቭ፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ። ከወደቡ እንደ ጀልባውና እንደ ንፋሱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው። የሚጠጣ ውሃ ከከተማ ያዙ፤ «እዚያ እንገዛለን» እንዳትሉ። ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ከአሸዋውም ይመጣል፣ ስለዚህ እጀ ረጅም ቲሸርት ለብሳችሁ ነው ውሃ የምትገቡት። ጀርባውን አጋልጦ ቀኑን ሙሉ በስኖርክል፣ በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፎ፣ የዋለ ሰው ማታ በጀርባው አይተኛም።

ሌላው አርብ ነው። ጅቡቲ አርብና ቅዳሜ የእረፍት ቀን ነው። ፈረንሳዩም፣ ወታደሩም፣ ባለቤተሰቡም ጀልባ ይዞ ወደ ሙሻ ነው። ሐሙስ ማታ ደርሳችሁ አርብ ጠዋት ጀልባ ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም፤ ቀድማችሁ ያዙ። ዋጋውን ሙሉውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ነዳጅ፣ መመለሻ፣ የመቆያ ሰዓት። እኛን የወሰደን ባለጀልባ መመለሻውን ለብቻ ነው ያስከፈለን፣ ደሴት ላይ ቆመህ ደግሞ ምን ትከራከራለህ?

ለገሃሬ_ጡረተኛ

ልጆች፣ ሙሻን በታሪኩም እወቁት እንጂ። በ1840 እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን ላይ የገዙት ደሴት ነው፣ ዋጋውም ዐሥር ጆንያ ሩዝ ነበር ይባላል። በኋላ ለፈረንሳይ ለቀቁት። ፈረንሳዩም ጅቡቲን ወደብ አድርጎ ባቡሩን ዘረጋና በ1902 ድሬ ደረሰ። እኛም እንግዲህ የዚያ ሐዲድ ልጆች ነን። ከባሕሩ ጋር ዝምድና አለን ስል በጨዋታ እንዳይመስላችሁ።

ባቡር የሚሄዱ ከሆነ አዲሱ በየቀኑ አይነሣም፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ቀኑን ጣቢያ ሄዳችሁ አረጋግጡ። በመኪና ከሆነ በድንበሩ በደወሌ ነው። ፓስፖርትና ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ድንበር ላይ «ዘመድ አለኝ» አይሠራም አሁን።

ሸዋበር_ማሚ

ታኅሣሥ እኮ የነቢያት ጾም ነው ልጄ። አሳውን አጥምዳችሁ ማን ሊበላው ነው?

ከዚራ_ጥላ

እማማ ከመካከላችን ጾመኛው አንድ ነው፣ እሱም አሳ ይበላል አይበላም እስካሁን አልወሰነም። ሙስሊሞቹ እየጠበቁት ነው፣ ድርሻውን።

ጀጎልና_ባሕር

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ጅቡቲ ነው፤ ዳይቭም አደርጋለሁ። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ግን ማንም ያላነሣው ነገር አለ፤ እሱን ሳይ ነው ለመጻፍ የገባሁት።

ፕላናችሁን ገልብጡት። እሑድ ጠዋት ዳይቭ አድርጎ ከሰዓት ደንገጎን መውጣት አይሆንም። ይሄ ምክር ሳይሆን ክልክል ነው፣ የትኛውም የዳይቪንግ መምህር የሚነግራችሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጀርባ ላይ የምታዝሉት ታንክ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን አይደለም፣ ታምቆ የገባ ተራ አየር ነው። አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። በየ10 ሜትሩ ከውሃው በላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመራል፤ 10 ሜትር ላይ ከላይ ካለው ሁለት እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። በዚያ ግፊት ስትተነፍሱ ናይትሮጅኑ ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ለዚያ ነው ከመውጣታችሁ በፊት 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ የምትቆሙት። ግን ከውሃ ስትወጡ ሁሉም አይወጣም። የተረፈው ለመውጣት ሰዓታት ይፈልጋል። እዚያ መሃል ግፊቱ ይበልጥ ወደሚቀንስበት ከፍታ ከወጣችሁ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው ነው፤ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ውስጥ ቢሠራ ሕመም ነው። አከርካሪ ውስጥ ቢሠራ እግር ይይዛል።

አውሮፕላን መሳፈር ከዳይቭ በኋላ ወዲያው አይቻልም የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ሕጉ ግን ስለ አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ማንኛውም ጉዞ ነው። አንድ ዳይቭ ብቻ ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ እንዳለ ያህል ነው። አሁን ድሬ ስንት ናት? ወደ 1200። ሐረማያ? ወደ 2000። ሐረር ወደ 1900። ባሕር ላይ ለሚኖር ሰው መኪና መንዳት ምንም አይደለም፣ መምህሮቹም ፈረንሳዮች ስለሆኑ «መቼ ነው በረራችሁ» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ «ደንገጎን መቼ ትወጣላችሁ» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «በረራ የለንም፣ በመኪና ነው» ስትሏቸው «ጥሩ» ብለው ያልፋሉ። እናንተ ናችሁ ማወቅ ያለባችሁ።

መጋላ_ሾፌር

ወንድም ማጋነን ነው ይሄ። እኔ ስንት ዘመን ጅቡቲ ድሬ ስመላለስ ምንም ሆኜ አላውቅም። መኪና አውሮፕላን አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፣ ሰውነትም ይለምዳል።

ጀጎልና_ባሕር

አንተ ታንክ አዝለህ ጠልቀህ አልተመለስክማ። ከባሕር ዳር ዝም ብሎ ለሚነሣ ሰው ምንም የለውም፤ ሰውነትህ ውስጥ ትርፍ ናይትሮጅን የለም።

ቀስ ማለቱ ደግሞ ይሄን ያህል አይጠቅምም። አሊ ሳቢህ ስትደርስ 600ን አልፈሃል። ከዚያ ሐረር ድረስ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው፦ እሑድ ጠዋት 5 ሰዓት ከሁለተኛው ዳይቭ ቢወጡ፣ 18 ሰዓት የሚሞላው ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። እነሱ ግን በዚያ ሰዓት ሐረር ተኝተዋል።

ሁሉም ሰው ይታመማል አላልኩም። ብዙው ሰው ምንም ሳይሆን ያልፋል። ግን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ተብሎ የሚቆመርበት ነገር አይደለም።

ነርስ_ከድል_ጮራ_ማዶ

ጀጎል ያለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ምልክቱ ድካም ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። ትከሻ፣ ክርን ወይም ጉልበት ውስጥ ጥልቅ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ያልተለመደ ድካም፣ ማዞር፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ። ብዙ ጊዜ ከውሃ በወጣችሁ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። «ታንኩ ከብዶኝ ነው» ብሎ ማስታገሻ ውጦ መተኛት የለም። ንጹሕ ኦክስጅን መስጠት፣ ወደ ላይ አለመጓዝ፣ የግፊት ክፍል (ሰውን ከፍ ባለ የአየር ግፊት ውስጥ አስገብተው የሚያክሙበት) ወዳለበት መውሰድ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ደግሞ በመጀመሪያ «ዳይቭ አድርጌ ነበር» በሉ። እኛ ጋ መቼም ይሄ በሽታ የሚታሰብ አይደለም፤ ካልተናገራችሁ ወባ ይመረመርላችኋል።

ጉንፋን ያለበት ሰውም አይጥለቅ። ጆሮው ግፊቱን አያስተካክልም፣ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። አስም ያለበት ቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ከዚራ_ጥላ

ወይ ጉድ። ደንገጎን እኮ ስንት ጊዜ በልተን ጠጥተን ወጥተናል፣ ማን አስቦት።

እሺ ጀጎል፣ ታዲያ ዳይቪንጉን እንተወው ወይስ?

ጀጎልና_ባሕር

ለምን ትተዉታላችሁ? ተራውን መቀየር ነው። ሐሙስ መውረድ። አርብ ዳይቭ። ቅዳሜ ዌል ሻርክ፣ በስኖርክል፤ ስኖርክል ከላይ ያለውን አየር ስለሆነ የምትተነፍሱት የመጠበቂያ ሰዓት የለውም። እሑድ ጠዋት አሳ ማጥመድ፣ ከዚያ መንገድ። አሳው መጨረሻ መሆኑ ለበረዶውም ይሻላል፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

መዋኘት ስለማትችሉት። የዳይቪንግ ሙሉ ኮርስ መውሰድ ከፈለጋችሁ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ትፈተናላችሁ፣ ኮርሱም በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሲጨርሱ የሚፈቀደው እስከ 18 ሜትር ነው። እናንተን የሚሆናችሁ እዚያ ባፕቴም የሚሉት፣ የጀማሪ የሙከራ ዳይቭ ነው። መምህሩ አጠገባችሁ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ይዟችሁ፣ ጥልቀቱ ከ12 ሜትር ሳያልፍ። ውሃ የሚፈራ ሰው ግን በጓደኛ ግፊት አይግባ። የፈራ ሰው ትንፋሽ ይይዛል፤ ታንክ አዝሎ ትንፋሽ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ያለው ሕግ ይሄ ነው፣ ትንፋሽ አለመያዝ።

ጆሮን ደግሞ ከመጀመሪያው ሜትር ጀምሮ አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ነው፤ እስኪያም መጠበቅ የለም። ካመመ ትንሽ ከፍ ማለት፣ እንደገና መሞከር።

አንድ ደግሞ የሚያስቅ። ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ማሳየት «አሪፍ ነው» ማለት አይደለም፤ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ገጥሞ ቀለበት መሥራት ነው። የድሬ ልጅ ሁሉ ኮራል አይቶ ደስ ሲለው አውራ ጣቱን ያነሣል፣ መምህሩ ይዞት ይወጣል። ብሩ ሄደ።

በርጫ_ነኝ

አቦ ጥያቄ አለኝ። ጫት ቅመን ብንጠልቅስ? ምርቃናው ላይ ኮራሉ ያምራል ይባላል።

ነርስ_ከድል_ጮራ_ማዶ

ማን ነው ያለው? ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ውሃ የጎደለው ሰውነት ደግሞ ቅድም ላልነው የናይትሮጅን ነገር ይበልጥ ይጋለጣል። ውሃ ጠጡ። ጫቱን ከፈለጋችሁ ለማታ አድርጉት፣ ያውም በማግስቱ ዳይቭ ከሌለ።

ሳቢያን_ቅያስ

ያም ሆነ ይህ ጫቱ ከእኛው አወዳይ ነው የሚሄድላቸው፤ ከተማው ቀትር ላይ እሱን ነው የሚጠብቀው። የጀልባ ሠራተኛውም እንደዚያው። ስለዚህ ጉዳያችሁን ከምሳ በፊት ጨርሱ። ከሰዓት ንፋሱም ይነሣል፣ ሰዉም ይቀመጣል።

ቦሌ_ያለሁ_የድሬ_ልጅ

ለምን ጅቡቲ ትሰቃያላችሁ፣ ዛንዚባር ሂዱ እንጂ። ከአዲስ በቀጥታ በረራ አለ። ምኔምባ አካባቢ ያለው ኮራል ቆንጆ ነው፣ ኑንግዊ ላይ ደግሞ ወደ ፔምባ መተላለፊያ ወጥተው ማርሊንና ሴይልፊሽ ያጠምዳሉ። ሆቴሉም ምግቡም ለቱሪስት የተሠራ ነው። ጅቡቲ ውድ ናት፣ ፍራንኩ ከዶላር ጋር ተጣብቋል፣ 1 ዶላር ሁሌም ወደ 177 ፍራንክ ነው፤ በድርድር የሚቀንስ ነገር የለም።

ከዚራ_ጥላ

አንተ በትኬት ነው የምታስበው፣ እኛ በቤንዚን። ዛንዚባር ለጫጉላ ይቆየን።

ጀጎልና_ባሕር

ዛንዚባር ጥሩ ነው። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ግን ውሃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ ድረስ ደረቅ ይሆናል፣ ለመዋኘት ሰዓት ትጠብቃለህ። ለዌል ሻርክ ከሆነ ደግሞ እዚያም ማፊያ ደሴት ድረስ መሄድ ሊኖርባቸው ነው። የእኛው ቅርብ ነው።

ስለ ዌል ሻርኩ ደግሞ የሚፈራ እንዳለ ገመትኩ፣ «ሻርክ» ሲባል። ሰው አይበላም። ምግቡ በዓይን የማይታይ የባሕር ተንሳፋፊ ነገር፣ ትንንሽ ሽሪምፕና የአሳ ዕንቁላል ነው። ሙሉ ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ታጁራ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከጀልባዋ ያጠሩ። መጀመሪያ የምታዩት ከውሃው በላይ የወጣውን የጀርባ ክንፍና የጅራቱን ጫፍ ነው። ካፒቴኑ ከፊቱ ያወርዳችኋል። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ስትከቱ ምንም የለም፣ አረንጓዴ ነው፣ ውሃው ምግብ ስለሞላበት ደፍርሷል። ከዚያ አፉ ይመጣል። ዓይኑ ሳይሆን አፉ፤ ሰፊ፣ ዝርግ፣ ወለል ያለ። ቀጥሎ ነጭ ነጠብጣቡ በጎናችሁ ያልፋል፣ ሆዱ ሥር የተለጠፉ ትንንሽ አሳዎች አብረውት። የሚቸኩል አይመስልም፣ ግን ፊን፣ የእግር መቅዘፊያውን፣ አድርጋችሁ እንኳ አትደርሱበትም።

አትንኩት። ከፊቱ አትቁሙ፣ ሦስት አራት ሜትር ራቁ፣ ፍላሽ አታብሩ። ሰው በዝቶ ጀልባ ሲከበው ጠልቆ ይሄዳል። በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ አሳ ነው፣ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ የተመዘገበ። ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ ከላይ ማየት ትችላላችሁ፣ የማይዋኙትም። ማስካችሁ ጭጋግ እንዳይሠራ ከመግባታችሁ በፊት ምራቅ ቀቡትና አለቅልቁት። አትጠየፉ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ሸዋበር_ማሚ

ወይ አላህ፣ ምራቅ ደግሞ።

ለገሃሬ_ጡረተኛ

አሁን ወደ አሳው ኑ፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው።

የሪል ዘንግ ካልያዛችሁ አትጨነቁ። የጅቡቲ አሳ አጥማጅ በእጅ ነው የሚያጠምደው፤ ወፍራም ናይለን፣ እርሳስ፣ መንጠቆ፣ ቁራጭ አሳ። ክሩን ጣት ላይ አትጠምጥሙት። ትልቅ ነገር ከያዘ ክሩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፣ ጓንት አድርጉ። ከመንጠቆው በላይ ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ሽቦ አስሩ፤ ባራኩዳ ካለ ናይለኑን በጥርሱ በጥሶ ይሄዳል፣ እናንተ ባዶ ክር ትስባላችሁ። ጀልባው እየሄደ ከኋላ አብለጭላጭ ነገር መጎተትም አለ፣ ቱናና ትልልቁ ማኬሬል የሚይዘው በዚያ ነው። ኮራሉ ሥር ያለው ደግሞ ፈረንሳዮቹ ሜሩ የሚሉት ባለትልቅ አፉ ነው። እሱን ስትይዙ ወዲያው ከታች ማንሣት ነው፤ አንድ ጊዜ ድንጋዩ ውስጥ ከገባ አበቃ፣ ክሩን ቆርጦ መተው ብቻ ነው።

ሙሻና ማስካሊ የተጠበቁ ቦታዎች ናቸው። የት እንደሚፈቀድ ካፒቴኑን ጠይቁ፣ በጠመንጃ መሰል ነገር ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጋት የሚባለውን እርሱት። ኮራልና ዛጎልም ሰብስባችሁ አትምጡ።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ስትራመዱ ጫማ አድርጉ። ድንጋይ የሚመስል አሳ አለ፣ እሾሁ መርዝ ነው። ከወጋ እግሩን መታገሥ የሚቻለውን ያህል የሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ነርስ_ከድል_ጮራ_ማዶ

ጋሼ ጎበዝ፣ ልክ ነህ። በረዶ አይደረግም፣ ሙቅ ውሃ ነው። ውሃው ግን እንዳያቃጥለው ሌላው ሰው በእጁ ይሞክረው፤ የተወጋው ሙቀቱን አይለይም።

መጋላ_ሾፌር

እሺ ስለ ከፍታው አሸንፋችሁኛል። ግን ጅቡቲ ገብታችሁ የየመን አሳ ሳትበሉ ብትመለሱ ግን ድንበር ላይ ይመልሷችሁ። አሳው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በርበሬ ይቀባል፣ ግድግዳው በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ዳር ዳሩ ጥቁር እስኪል። ከትልቅ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል፣ ከጎኑ ሙክባሳ አለ፣ በማር የታሸ ቂጣ፣ ሙዝ ወይም ቴምር የገባበት። በእጅ ነው የሚበላው፣ ሹካ ከጠየቃችሁ ቱሪስት ናችሁ።

ከዚራ_ጥላ

በቃ ቀይረነዋል። አርብ ባፕቴም፣ ቅዳሜ አርታ ፕላዥ፣ እሑድ ማለዳ አሳ፣ ከዚያ መንገድ። ከሐረሮቹ አንዱ «ለእሑድ ጠዋት ዳይቭ ሰኞን ፈቃድ ልጠይቅ» ብሎ ነበር፣ አለቃው ምን ብሎ እንደሚሰጠው እንጃ፣ «ደንገጎ ላይ አረፋ እንዳይሠራብኝ ነው» ብሎ ማመልከቻ ይጻፍ?

የቀረን በረዶ ነው። የያዝነውን አሳ ድሬ እናደርሳለን ብለን ትልቅ የበረዶ ሳጥን ተውሰናል። ደወሌ ላይ ጉምሩክ ምን ይለናል?

መጋላ_ሾፌር

ለምሳ የሚሆን ያህል ከሆነ ያሳልፏችሁ ይሆናል፤ ሳጥኑን ሞልታችሁ ከመጣችሁ ግን ነጋዴ ናችሁ። ደግሞ በረዶው ቢቀልጥ መኪናው ውስጥ ያለውን ሽታ አስቡት። የማን መኪና ነው?

ከዚራ_ጥላ

የአጎቴ።

መጋላ_ሾፌር

እንግዲያው እዚያው ብሉት አቦ።